ዝናብ አታስገባም

ማንኩሳ
ጥቅምት 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ሥርጉት፣

«ውድ» ብዬ ስጽፍ እጄ አፍሯል። አሥራ ስምንት ዓመት በአፌ ያልጠራሁትን ስም በወረቀት መጥራት ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ቢሆንም ሌላ አጀማመር አላውቅም። ስለ ጤናሽ ብጠይቅሽም የምትመልሽልኝ አይመስለኝምና ሰላምታውን ላሳጥረው። እናትሽ እማማ ወለተ ሐና ደህና መሆናቸውን ከቡሬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይነግረኛል፤ ተመስገን ነው።

ይህ ደብዳቤ የሚደርስሽ ከቦርሳዋ ጋር ነው። ገና የአውቶቡሱ ሹፌር ሲያወርዳት ታውቂያታለሽ። እባክሽ ወደ መንገድ አትወርውሪያት፤ ደብዳቤውን እስክትጨርሺ አጠገብሽ ትቀመጥ። ከጨረስሽ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊያት።

የመጣችበትን ቀን ታስታውሺያለሽ መቼም። በ1987 ዓባይን ከምንጩ ላይ አያለሁ ብሎ በእግሩ ወደ ግሽ ዓባይ የሚሄድ ፈረንጅ ወባ ጥሎት፣ አባትሽ ከመንገድ አንስተው ቤታችሁ አስተኙት። እናትሽ አምስት ቀን አጥሚት እያጠጡ አዳኑት። ሲሄድ ሌላ የሚሰጠው ቢያጣ ቦርሳውን ዘርግፎ ሰጣቸውና ልብሱን በአንሶላ ቋጥሮ መንገዱን ቀጠለ። መንደሩ ሁሉ እየመጣ በአንድ ጣቱ ያነሳት ነበር። «ኧረ ይቺ ባዶ አየር ናት! ምን ልትሸከም ነው?» ይላል አንዱ። አባትሽ አንድ ቁና ጤፍ ከተቱባትና አዝለው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። «ጤፍ ያዘልኩ አይመስለኝም፤ እሷ ናት እኔን ያዘለችኝ» አሉ። ያን ቀን ሳቃቸው እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር።

ቀዳዳዋንስ? ከአንገቷ በታች፣ በጀርባ በኩል፣ የጎማ ከንፈር ያላት፣ አንድ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ። ለምን እንደተሠራች የሚያውቅ ጠፋ። አባትሽ የጅራፍ እጀታ ማሳለፊያ ነው አሉ። እናትሽ «ትተነፍስበት ይሆናላ» ሲሉ አንቺ በሳቅ ወደቅሽ። እኔ ሳቅሽን እንጂ ቀዳዳዋን አላየሁም ነበር። እንደምወድሽ ያወቅኩት በዚያች ቀን ነው፤ አሁን መናገሩ ምንም ባይረባም።

በ1989 የመሬት ሽግሽጉ መጣ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፍኖተ ሰላም ጨርሼ፣ ፈተና ጥሎኝ፣ የአባቴን የስመኘውን በሬዎች እየተከተልኩ ነበር። ማባዛት ይችላል ተብዬ ገመድ ያዥ ተደረግኩ። ሽማግሌ ልከን አባትሽ እሺ ካሉ፣ ሠርጋችንም ለግንቦት ከተቆረጠ ገና ወር አልሞላውም። አባትሽ አስጠሩኝና ቦርሳዋን ሰጡኝ። «የሰው ሁሉ መሬት በአንተ እጅ ሊያልፍ ነው። ገመዱ እንዳይረጥብብህ በዚህች ያዘው። የፈረንጅ ናት፣ ዝናብ አታስገባም» አሉኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ዝናብ አታስገባም! ይህቺን ቃል ስንቴ በልቤ እንደመለስኳት አንድ ሚካኤል ያውቃል።

ገመዱ የቃጫ ነው፣ ሃያ አምስት ሜትር። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሁለት ድንጋይ ሃያ አምስት ሜትር አራርቀን ተክለን ነበር። በየጠዋቱ በሕዝብ ፊት ገመዱን ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ድንጋይ እዘረጋዋለሁ፤ ልክ ከሆነ ወደ ማሳ እንወርዳለን። ይህ ሥርዓታችን ነው። እኔ ደግሞ በራሴ ብልሃት አንድ ነገር ጨመርኩበት። ገመዱን ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩና ጫፉን በዚያች ቀዳዳ አወጣሁት። ጫፉን አንድ ሰው ይዞ ይቆማል፣ እኔ ስሄድ ገመዱ ከጀርባዬ እየተተረተረ ይወጣል። አይቋጠር፣ አይጎተት፣ ጭቃ አይነካው። ሰው ጉድ አለ። «የስመኘው ልጅ ይታገሱ መሬት አይለካም፣ ይፈትላል» ተባለ። እኔም ጉራዬ ሰማይ ነካ።

ያን ሰሞን «የቤተ ክህነት ሰው መሬት ይደብቃል» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። እንዳለው የሚባለው የሽግሽግ ኮሚቴያችን ሊቀ መንበር በእሑድ ስብሰባ ላይ አባትሽን «ገበዝ፣ የእርስዎም ከአሥራ ሁለት ቃዳ ያልፋል ይባላል» አላቸው። ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደው አሥራ ሁለት ቃዳ፣ ማለት ሦስት ሄክታር ነበር። አባትሽ የሚካኤልን ዕቃ ቤት ቁልፍ ሃያ ሁለት ዓመት በአንገታቸው ያንጠለጠሉ፣ የተጣላ ሁሉ በእሳቸው ቃል የሚታረቅ ሰው ነበሩ። አልተቆጡም። ተነስተው ወደ ሚካኤል ደጅ ሄዱና የበሩን መቃን በቀኝ እጃቸው ያዙ። «አርባ ዓመት ያረስኩት መሬት ነው። ከአሥራ ሁለት ቃዳ ካለፈ ይህ በር ይዘጋብኝ» አሉ። እንዳለው እንኳ ደነገጠ። «ኧረ ገበዝ፣ መሐላ ድረስ ምን አስኬደዎት?» አለ።

የእናንተ ተራ ማክሰኞ ደረሰ። ሚያዝያ መግቢያ ነው፣ ጾም ላይ ነን። ጠዋት ገመዱን ከድንጋዮቹ ጋር አመሳከርኩ፤ ልክ ነበር። የመጀመሪያውን ማሳ ሳንጀምር ግን ያ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ቦርሳዋ ላይዋ እውነትም ዝናብ አላስገባም። ቀዳዳዋ ግን ክፍት ናት፣ የገመዱም ጫፍ ውጭ ተንጠልጥሏል። ውኃው የኩራዝ ክር ላምባውን እንደሚስብ በገመዱ ተስቦ ገባ። ስከፍታት ጥቅሉ በሙሉ ርሷል።

እንዳለው «ገመዱ ረጥቧል፤ ለነገ እናሳድረው እንዴ?» አለ። ብዙ ክፉ ነገር ሊባል የሚችል ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ትክክል የተናገረው እሱ ነበር። «ምንም አይሆንም፣ እንቀጥል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ለምን አልክ በይኝ። ያራሽ ልጅ ነኝ። የሞፈርና የቀንበር ጠፍር ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ አውቀዋለሁ፤ ይላላል፣ ይረዝማል። ገመዱም ረጥቦ ይረዝማል አልኩ። ገመድ ከረዘመ ማሳው በቁጥር ያንሳል፣ ካነሰ ደግሞ ከአባትሽ መሬት አንድ ጋት የሚነካ የለም። አማቴን የጠቀምኩ መሰለኝ! ዝናቡን በልቤ አመሰገንኩት፣ ሥርጉት። ሰው ለሚወደው ሲያደላ እንዲህ ነው የሚደሰተው።

ቃጫ ግን ቆዳ አይደለም። ቃጫ ሲርስ ያብጣል፣ ሲያብጥ ያጥራል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። ሁላችንም ከበሬ ጋር ያደግን፣ ከጠፍር ሌላ ማሰሪያ የማናውቅ ሰዎች ነበርን።

አሥራ ሦስት ቃዳ ወጣ።

አባትሽ መጀመሪያ ፈገግ አሉ። «ድገመው እስቲ» አሉኝ። በዚያው በራሰ ገመድ ደገምኩት። አሥራ ሦስት። አጠገባቸው የቆመው ሕዝብ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አባትሽ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይታገሱ፣ አንተ ነህ የያዝከው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እንግዲያ ገመዱ አይዋሽም። ዐይኔ ነው የዋሸኝ» አሉ።

ይህን ሲሉ ለምን አልተጣሉኝም? ለምን ገመዱን ቀምተው አልወረወሩትም? በመሐላቸው ይጽኑ እንጂ! አርባ ዓመት በእግራቸው የረገጡትን መሬት ትተው እኔን አመኑ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ያን ቀን ተናደድኩባቸው። ዛሬም አንዳንዴ እናደድባቸዋለሁ። ደግ ሰው ይህን ያህል ደግ መሆን የለበትም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቻዬን ወደ ሁለቱ ድንጋዮች ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ገመዱን ዘረጋሁት። ከሁለተኛው ድንጋይ አልደረሰም። በክንዴ ለካሁት፤ ሁለት ክንድ ተኩል ጎደለ። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ገመዱ ካጠረ ማሳው በቁጥር ይበዛል። ይህን ለማስላት ማባዛት የሚችል ሰው ነበር የሚያስፈልገው፤ እኔ ደግሞ የተመረጥኩት ለዚሁ ነው።

ነገ እናገራለሁ አልኩ። በነጋታው ፀሐይ ወጣ፣ ገመዱን ከዋርካው ላይ ድንጋይ አንጠልጥዬ ሰቀልኩት፣ እኩለ ቀን ላይ ከድንጋዮቹ ጋር ልክ ሆነ። አሁን ብናገር ማን ያምነኛል አልኩ። ሐሰቴን ነው፤ ያምኑኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከአባትሽ የተቆረጠችው አንድ ቃዳ መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በዕጣ ወጣች። የትኛዋ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ወንዝ ዳር ያለችው የበርበሬ ማሳ። ዕጣው ለማን እንደወጣም ታውቂያለሽ። ለእኔ።

በዚያች ሰዓት በልቤ ያልኩትን ልጻፍልሽና ጥዪኝ። «እሰይ» አልኩ። ግንቦት ላይ እንጋባለን፤ ማሳዋ ከአባትሽ እጅ ብትወጣም በእኔ በኩል ወደ አንቺ ትመለሳለች፤ ማን ምን ጎደለበት? ዝም ብል ማን ይጎዳል? እንዲያውም ጥሎሽሽ ቀድሞ የመጣ አድርጌ ቆጠርኩት። መሬቷን አሰላሁ፣ ሠርጉን አሰላሁ። መሐላውን ግን ረሳሁት። የበሩን መቃን የያዘችውን እጅ ረሳኋት።

አባትሽ አልረሱትም። በዚያው ሳምንት ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ለካህናቱ አስረከቡ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ሥላሴ «ሳያውቁ ነው የማሉት፣ አንድ ዓመት ይበቃል» ቢሏቸው «በሩን ይዤ ነው የማልኩት፤ ሰባት ዓመት ይሁንልኝ» ብለው ለመኑ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሴው ከደጁ ውጭ ቆሙ። ክረምት ዝናቡ ይመታቸዋል፣ በጋ ፀሐዩ። ሰው ገብቶ ሲወጣ በዐይኑ ይሸሻቸዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋው ግን ተመታሁ እንጂ በላሁ አይልም። አባትሽ እኮ በልቻለሁ አሉ!

የእኔ አባት ደግሞ ምን አለ? «በሐሰት ከማለ ሰው ቤት ልጅ አናመጣም፤ መሐላ ዘር ይከተላል» አለ። ሽማግሌዎቹ የሄዱበትን መንገድ ተመልሰው ሄዱና ቃላችንን አፈረሱ። እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ። ምሳዬን እየበላሁ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም ነገር ይቃናል፤ ያን ቃል ከቁራሹ ጋር ዋጥኩት። አሁን ብናገር ማሳዋም ትሄዳለች፣ ስሜም ይሄዳል፣ ገመድ ያዥነቴም ይሄዳል ብዬ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚሉት በእኔ ደረሰ።

አንቺ ወደ ማሳዋ መጣሽ። እያረስኩ ነበር። ትዝ ይልሻል?

«አባቴን ታውቃቸዋለህ። ዋሽተዋል ትላለህ?» አልሽኝ።

«እኔ ምን እላለሁ፤ ገመዱ ነው የተናገረው።»

«እኔ ስለ ገመድ አልጠየቅኩህም» ብለሽ ሄድሽ።

አልጮኽሽም፣ አልረገምሽኝም። ብትጮኺ ኖሮ ምናልባት... ተይው። የራሴን ጥፋት ለአንቺ ዝምታ ላሸክም አልፈልግም። በዓመቱ ቡሬ ለጭነት መኪና ሹፌር ተዳርሽ ሲባል ሰማሁ። እኔም አደይን አገባሁ።

ቦርሳዋ ግን እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት ከጀርባዬ አልወረደችም። በገመድ ያዥነቴ ታይቼ የቀበሌው የመሬት ሠራተኛ ሆንኩ። ከማንኩሳ እስከ ገበዝ ማርያም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ገጠር ያልረገጥኩት ድንበር የለም። ሰማያዊ ነበረች፣ አሁን አመድማ ሆናለች። ዚፕዋን ፍኖተ ሰላም ያለው ልብስ ሰፊ ሦስት ጊዜ ቀይሮታል። የወገቧን መቆለፊያ በሬ ረግጦ ሰበረው፤ በእሱ ፈንታ የቀንድ ቁራጭ አበጀሁላት። የትከሻዋ ስፖንጅ አልቆ እንደ ጠፍር ቀጥኗል። ልብሷ ግን አንድ ቦታ አልተቀደደም። ሰው «ይታገሱ ዕቃ ያዥ ነው» ይለኛል። ንስሐ ብዬ የተሸከምኳት እንዳይመስልሽ፤ እንደዚያ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ቀላል ስለሆነች ነው። ባዶዋን አንድ ኪሎ አትሞላም፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክሜያት ስውል መኖሯን እረሳዋለሁ። መርሳቱን ነበር የምፈልገው።

አንድ ጊዜ ብቻ ከእጄ ወጥታለች። አባትሽ የንስሐቸው ሌላው ግማሽ በየዓመቱ ለጥር አሥራ ሦስቱ በዓል በእግራቸው ግሽ ዓባይ ወጥተው ጸበል ተሸክመው መመለስ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ቤቴ ደጃፍ መጡ። እኔ ቤት! «ልጄ፣ ትከሻዬ እንቢ አለኝ። ያቺን ቀላል ቦርሳ ታውሰኛለህ?» አሉ። የራሳቸውን ቦርሳ ነው የሚለምኑኝ። ገመዱን አውጥቼ ቦርሳዋን ሰጠኋቸው። በሳምንቱ አጥበው፣ አጥፈው መለሷት። በጎኗ ባለችው የመረብ ኪስ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ጸበል ነበረ። «ይቺን ለገመድህ እርጫት፤ እንጀራህ ናትና ይባርክልህ» አሉኝ።

ለገመዴ፣ ሥርጉት! ውኃ ለገመዴ!

ጠርሙሱን መድፋት ፈራሁ፣ መጠጣትም ፈራሁ። ቆጥ ላይ አስቀመጥኩት።

ግንቦት 1995 ሲሞቱ ከሰባቱ ዓመት አንዱ ቀርቷቸው ነበር። ያሉትን የሰማሽው አንቺ ራስሽ ነሽ። «ውስጥ እንዳታስገቡኝ። እበሩ ላይ ቅበሩኝ፤ ቀሪዋን አንድ ዓመት እዚያው ቆሜ እጨርሳታለሁ።» ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ገበዝ ከአጥር ውጭ፣ ከበሩ ግራ፣ መንገደኛ በሚረግጠው ቦታ ተቀበረ። ከቀብር ስንመለስ አጠገቤ ደርሰሽ ቦርሳዋን አየሻት። «እስካሁን አልተቀደደችም?» አልሽኝ። «አልተቀደደችም» አልኩሽ። «ጠንካራ ናት» አልሽና እናትሽን ይዘሽ ቡሬ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

አሁን ለምን ጻፍክ ትይኝ ይሆናል። ሰኔ ላይ ማሳዎቹን እንደገና በጂፒኤስ ለመለካት ያምሮት የምትባል ወጣት ባለሙያ መጣች። እንደ እኔው ያለ ቦርሳ አዝላለች። ከትከሻዋ በኩል ቀጭን ቱቦ ወጥቶ አፏ ድረስ ይደርሳል፤ እየሄደች ትጠባለች። ቱቦው የሚወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው።

«ይቺ ቀዳዳ ለዚህ ናት እንዴ?» አልኳት።

«አዎ ጋሼ፣ ለውኃ ናት። የእርስዎም እኮ አላት፣ አያውቋትም?» ብላ ሳቀች።

ያን ዕለት የእናንተን ማሳዎችና የእኔን የበርበሬ ማሳ ለካች። ጂፒኤሱ ዝናብ አይነካው፣ አማች የለው። በሰባተኛው ዓመት ንስሐ ላይ የሞተ ሰው መሬት ተደምሮ አሥራ አንድ ቃዳ ከሦስት ሩብ ሆነ። እኔ ነኝ የደመርኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ጠራ። ለማን ጠራ? ሰውየው መንገድ ዳር ተኝቷል።

ለአደይ ነገርኳት። «ልጆቼን በዚህ በርበሬ ነው ያሳደግኋቸው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያን ማሳ በርበሬ ወጥ ውስጥ አትጨምርም።

ወደ እንዳለው ሄድኩ። አርጅቷል። «ተወው፣ የሞተ ሞቷል። ያን ጊዜ ስንት ገመድ ነበር፤ አንዱን ከከፈትክ ሁሉም ሊከፈት ነው» አለኝ። ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ሄድኩ። አለቀሱ። እሳቸውም ስድስት ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሰው በር ላይ እንዳቆሙ ገባቸው። ያን ጊዜ «አጽማቸው ወደ ውስጥ ይግባ፤ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አጽም የሚነሳው ቤተ ዘመድ ሲጠይቅ ነው» አሉኝ። «አንተ ምናቸው ነህ?»

ምናቸው ነኝ ልበል? አማቻቸው ልሆን አርባ ቀን ቀርቶኝ የነበርኩ ሰው ነኝ። ጭንቅላቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ስለዚህ ያለ አንቺ አይሆንም፣ ሥርጉት። የምለምንሽ ይህንን ብቻ ነው። ኅዳር አሥራ ሁለት የሚካኤል ንግሥ ነው፣ ከየቦታው ሰው ይመጣል። ነይ። «አባቴን ወደ ውስጥ አስገቡልኝ» በይ። ሌላውን እኔ እናገራለሁ፣ ማንንም ሳልጨምር፣ ማንንም ሳልቀንስ። ቃሌን የሚያምን ላይኖር ይችላል፤ ባያምኑኝም እውነት አላቸው። ስለዚህ ገመዱን ቦርሳዋ ውስጥ ታገኚዋለሽ፣ ያው ገመድ ነው። ሁለቱ ድንጋዮችም አሉ፤ አጥሩ በብሎኬት ሲሠራ እንዳይነቀሉ የለመንኩት እኔ ነኝ። በሕዝቡ ፊት ደረቁን ዘርጊው፣ ይደርሳል። ከዚያ ነክረሽ ዘርጊው። የአባትሽ ጸበል በመረብ ኪሷ ውስጥ አለ፤ እንዳሉት ለገመዱ እርጪው። አንድ ጠርሙስ አይበቃም፣ የቀረውን ከወንዙ ሙዪው። ሕዝቡ በዐይኑ ይይ። አባትሽ ከሞቱ በኋላም ቢሆን፣ ዐይናቸው እንዳልዋሻቸው ይታወቅላቸው።

የበርበሬዋን ማሳ ዘንድሮ አላረስኳትም። በእናትሽ ስም እንድትዛወር ወረቀቷን ጨርሻለሁ፤ የሚቀረው የእሳቸው ጣት ነው። ይህን ለእማማ ማንበብ አለማንበብ ያንቺ ፈንታ ነው። እኔ ሞክሬ አልቻልኩም፤ እሳቸው ዘንድ የሚደርስ እግር የለኝም። ይቅር በይኝም አልልሽም። ይቅርታ የሚጠየቁት ሰው አልፈዋል፣ በአንቺ በኩል ልቀበል ማለት ያቺን ማሳ በአንቺ በኩል እመልሳለሁ እንዳልኩት ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባትሽ አንድ ዓመት ይቀረኛል ብለው ነው የሞቱት። አልነበረባቸውም፤ ከመጀመሪያውም አንዲት ቀን አልነበረባቸውም። ያቺን ዓመት ካለፈው እሑድ ጀምሮ እኔ ይዣታለሁ። ቅዳሴ ሲገባ ሰው ወደ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ከበሩ ግራ፣ ከመቃብራቸው ራስጌ እቆማለሁ። ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል። እስክትመጪ አልመልስለትም። የመጀመሪያው እሑድ ዘነበ። ጀርባዬ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቦርሳዋን ለአንቺ አሽጌያት ነበር። እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ስትመጪ የት ነው ብለሽ አትፈልጊኝ። በሩ ላይ ነኝ።

ገመዱን ይዞ የነበረው፣
ይታገሱ ስመኘው